ያካፈለና የነገደ በአንድ አይዳኙ

አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ የሙዚቀኞቹ ነው፤ የዓመታት ልፋታችን ገበያ ላይ ከመዋሉ በቴሌግራም ተበተነ፣ አድማጩ ዘረፈን ይላል። ሌላው የአድማጩ ነው፤ ዘፈን ድሮም የሕዝብ ነው፣ ስልኬ ላይ ያለውን ለጓደኛዬ ብልክ ማንን በደልሁ ይላል። ካሴት በሲዲ፣ ሲዲ በፍላሽ፣ ፍላሽ በኢንተርኔት ሲተካ ክርክሩ ግን ባለበት ቆሟል።

እንደ እኔ እምነት ክርክሩ መቋጫ ያጣው ሁለት የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። ዘፈን ወድዶ ለወዳጁ የሚልክ ሰው አለ። በሌላ ሰው ዘፈን ደንበኛ የሚጠራ፣ ማስታወቂያ የሚሸጥ፣ ተከታይ የሚያፈራ፣ ለባለሥራው ግን ሳንቲም የማያደርስ ነጋዴም አለ። የመጀመሪያው ሙዚቃውን ከጆሮ ወደ ጆሮ ያሻግራል፤ ሁለተኛው ከሙዚቃው ይኖራል። ሁለቱን «ሌባ» ብለን በአንድ ስንፈርጅ አድማጩ ይሸማቀቃል ወይም ይቆጣል፣ ነጋዴው ደግሞ በግርግሩ መሀል ተሰውሮ ሥራውን ይቀጥላል። ሙዚቀኛው እንደ ደከመ ይቀራል።

ሸላሚና ተሸላሚ ሲተያዩ

«የእኛ ሰው ለሙዚቃ መክፈል አያውቅም» የሚለው ወቀሳ ተደጋግሞ ስለተነገረ እውነት መስሏል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ግን ይህን አይልም። መሲንቆው ተቃኝቶ ጨዋታው ሲደራ አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ልቡ የተነካው ተነሥቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። የሚከፈለው ከተሰማ በኋላ፣ በወደዱት መጠን ነው። ደጅ ቆሞ የሰማውን መንገደኛ ሌባ ያለው የለም። ለዘፋኝ መሸለም በሠርጉም፣ በድግሱም፣ በመድረኩም የኖርንበት ልማድ ነው።

ይህ ልማድ ግን ሸላሚና ተሸላሚ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ይፈልጋል። አዝማሪው ገጣሚውም፣ ዜመኛውም፣ ተጫዋቹም ራሱ ስለሆነ ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ብር ሌላ ባለድርሻ የለውም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ግን ድምፅ ከባለድምፁ ተለይቶ መጓዝ ጀመረ። ዘመናዊው ዘፈን ደግሞ ሥራውን ለብዙ ሰው አካፈለው። ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፣ ዜማውን ሌላው ያወጣል፣ አቀናባሪው ያቀናብራል፣ ተጫዋቾች ይጫወታሉ፣ ሚክስና ማስተሪንግ የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ያድራል፣ ድምፃዊው ያዜማል። አድማጩ የሚያየው የመጨረሻውን ሰው ብቻ ነው። ድምፃዊው ዘፈኑ በነጻ ቢበተንበት በኮንሰርት፣ በሠርግና በክለብ ሥራ ሊካካስ ይችላል። የግጥም ደራሲው ግን መድረክ የለውም። በተለምዶ ግጥሙን አንድ ጊዜ ሸጦ ይለያያል፤ ዘፈኑ 30 ዓመት ቢዘፈን፣ ቢታደስ፣ ማስታወቂያ ቢሠራበት ከዚያ በኋላ የሚመጣለት ነገር የለም። ስለዚህ ስለ ክፍያ ስንነጋገር በቅድሚያ ልናስብ የሚገባን ከመጋረጃው በስተጀርባ ያሉትን ነው።

መብት በሕግ መሰጠቱ ብቻውን ለሙዚቀኛው እንደማይበቃም ታሪካችን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አሳተመ። የዓለማየሁ እሸቴን፣ የማሕሙድ አሕመድንና የሙላቱ አስታጥቄን የዚያ ዘመን ሥራዎች ዛሬ የምንሰማቸው እርሱ ስለደፈረ ነው። ትእዛዙ ለአንድ ተቋም ብቸኛ መብት ሰጠ፤ ዘፋኞቹን ለሕዝብ ያደረሳቸው ግን ትእዛዙን የተላለፈው ሰው ነው። እንግዲህ «የቅጂ መብት ይከበር» ሲባል ተከታዩ ጥያቄ «ሲከበር ገንዘቡ ለማን ይደርሳል?» መሆን አለበት።

አድማጭን መክሰስ ያስተማረው

በሌላው ዓለም ክርክሩ በዲጂታል መልኩ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር ሲመጣ ነው። ማንም ሰው በኮምፒውተሩ ያለውን ዘፈን ከማያውቀው ሰው ጋር በነጻ የሚለዋወጥበት መንገድ ነበር። የሮክ ባንዱ ሜታሊካና ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጋ። ልውውጡ ግን ወደ ሌሎች ተመሳሳይ መንገዶች ተሸጋገረ እንጂ አልቆመም።

የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ማኅበር ቀጥሎ ፊቱን ወደ አድማጮች አዞረ። ተማሪዎች፣ እናቶች፣ አረጋውያን ሳይቀሩ በሺዎች ተከሰሱ። በሚኒሶታ ግዛት የምትኖር አንዲት እናት 24 ዘፈኖችን አጋርተሻል ተብላ እ.ኤ.አ. በ2007 የ222,000 ዶላር ካሳ ተፈረደባት። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ እ.ኤ.አ. በ2009 ካሳው ወደ 1.92 ሚሊዮን ዶላር አሻቀበ፤ በይግባኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከተራ ሠራተኛ ቤት ይህን ያህል ገንዘብ እንደማይገኝ ፈራጁም ከሳሹም ያውቁ ነበር። ማኅበሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ እንዲህ ዓይነቱን የጅምላ ክስ ማቆሙን አስታወቀ። የተረፈው ነገር ቢኖር በአድማጩ ልብ በሙዚቃ ኩባንያዎች ላይ ያደረው ቂም ነው።

ያን ዘመን የለወጠው ፍርድ ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 አፕል አንድን ዘፈን በ99 ሳንቲም የሚሸጥ መደብር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስፖቲፋይ በስዊድንና በጥቂት የአውሮፓ አገሮች ሥራ ጀመረ፤ በወር የተወሰነ ከፍሎ፣ ወይም ማስታወቂያ እየሰሙ በነጻ፣ የፈለጉትን ማድመጥ ተቻለ። ሰው መክፈል የጀመረው መክፈሉ ከመስረቁ ሲቀል ነው። ዓለም አቀፉ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 ከተቀረጸ ሙዚቃ የተገኘው ገቢ 29.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የመጣውም ከኢንተርኔት ማድመጫዎች ነው። ሙዚቃ በዲጂታል ዘመን ገንዘብ አያመጣም የሚለው አባባል በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

ባሕር ዳር የተገኘ ካሴት

ነጻ ማካፈል ሙዚቀኛን ሁልጊዜ ይጎዳል ለሚሉ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እርሱ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር ያዋሐደ ካሴት ሠራ። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፣ ተሰማ፣ ከዚያ እንደ ብዙዎቹ ካሴቶች በየመደርደሪያው ተረሳ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ትንሽ ኪቦርዱን ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ ነበር።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከአፍሪካ ያገኛቸውን ካሴቶች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያሰማ ነበር። በሕግ ዓይን ሥራው አጠያያቂ ነው፤ ማንንም አላስፈቀደም። ሰው ግን በዚህ መንገድ ሰምቶ የማያውቀውን ሙዚቃ ሰማ፣ ወደደም። በኋላ ሺምኮቪትዝ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል መካፈል ጀመረ። ባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት ውስጥ ያገኘው የኃይሉ ካሴትም እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ድርጅት በኩል እንደገና ታተመ፤ በዚህ ጊዜ ግን ባለቤቱ ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ ተዋውሎ ነው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። አውሮፓንና አሜሪካን እየዞረ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተገናኝተዋል። የተረሳው ሙዚቃ ጆሮ ያገኘው በነጻ የማካፈል ልማድ ነው። ኃይሉን ከታክሲ ወደ መድረክ የመለሰው ግን «ይህን የሠራው ማነው? የት ነው ያለው? ድርሻውስ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩ ነው። ማካፈሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካሴቱ ዝነኛ ሆኖ ባለቤቱ ታክሲ ሲነዳ ይቀር ነበር። ክልከላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ካሴቱ ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር።

ባለቤቱ የጠፋበት ፋይል

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ከቴሌግራም የወረደ አንድ ዘፈን ከፍታችሁ የፋይሉን ዝርዝር ተመልከቱ። የድምፃዊው ስም መኖር በሚገባው ቦታ ብዙ ጊዜ የምታነቡት የቻናሉን አድራሻ ነው። አልበሙ በሚባለው ቦታ «ይቀላቀሉን» የሚል ግብዣ ይገኛል። በሽፋኑ ሥዕል ላይ የቻናሉ ምልክት ታትሟል። የግጥም ደራሲው ስም የለም፣ የዜማ ደራሲው የለም፣ የአቀናባሪው የለም። ካሴት በነበረ ጊዜ ቢያንስ የሽፋኑ ወረቀት ላይ እነዚህ ስሞች በደቃቅ ፊደል ይጻፉ ነበር፤ እኛም እያነበብን ማን ምን እንደሠራ እናውቅ ነበር።

ይህ የተረሳ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማካፈል ወደ ንግድ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዬ የላከልኝ ዘፈን ከወዳጅነቱ ሌላ የሚያስገኝለት ነገር የለም። ቻናሉ ግን የሰዎችን ሥራ ሰብስቦ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ያፈራል፤ ተከታዩን ይዞ ማስታወቂያ ይሸጣል፤ ሲያሻው ቻናሉን ራሱን ይሸጠዋል። የሚሸጠው ሸቀጥ የድምፃዊው ዝና፣ የገጣሚው ቃል፣ የአቀናባሪው ሌሊት ነው። በዚህ ላይ ስማቸውን ፍቆ የራሱን ይጽፋል። ስም ሲጠፋ ነገ መክፈል የሚፈልግ ሰው እንኳ ቢመጣ ለማን እንደሚከፍል አያውቅም። የማካፈል ወዳጅ የሆነ ሰው ሁሉ መቆጣት ያለበት በዚህ ነው።

ዩቲዩብ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የባለመብትን ሥራ ከሌላ ሰው ቪዲዮ ውስጥ የሚለይና የማስታወቂያውን ገቢ ለባለመብቱ ማዞር የሚያስችል ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን ሥራው በትክክለኛው ባለቤት ስም ሲመዘገብ ነው። ያልተመዘገበን ዘፈን ሌላው ቀድሞ በስሙ ቢያስመዘግበው ገቢው ወደ እርሱ ይሄዳል፤ እውነተኛው ባለቤት በገዛ ሥራው ከሳሽ ሆኖ ደጅ ይጠናል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ሥራ አጥር የለውም።

ከሁሉም ኪስ የተዋጣው ብር

«ታዲያ ሁላችንም በወር እየከፈልን ብናዳምጥ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። መክፈሉ መልካም ነው፤ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በስፖቲፋይና በመሰሎቹ ዘንድ ከደንበኞች የተሰበሰበው ብር አንድ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለባለመብቶች ይመደብና በዚያ አገር ከተደመጠው ሁሉ እያንዳንዱ ዘፈን በያዘው ድርሻ ይከፋፈላል።

እንበልና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ወሩን ሙሉ ከአስቴር አወቀ በስተቀር ሌላ አላዳመጠችም። የከፈለችው ገንዘብ በቀጥታ ለአስቴር አይደርስም። በአሜሪካ ደንበኞች ሁሉ መዋጮ ውስጥ ይገባና አብዛኛው በዚያ ወር በአሜሪካ እጅግ ለተደመጡት ታላላቅ ዘፋኞች ይሄዳል። በአነስተኛ ቋንቋ ለሚዘፍን፣ አድማጩ ታማኝ ሆኖ ቁጥሩ ግን ጥቂት ለሆነ ሙዚቀኛ ይህ ስሌት አይመችም። በዚህ ላይ ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ከዚህ ድርሻ አይከፍልም። ሌላ መንገድ እንዳለ ሳውንድክላውድ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የእያንዳንዱ ደንበኛ ክፍያ ራሱ ላዳመጣቸው ሙዚቀኞች የሚከፋፈልበትን አሠራር ጀምሯል። ከአዝማሪ ቤቱ ሽልማት ጋር የሚቀራረበው ይሄኛው ነው።

አገር ቤት ውስጥም ሙከራ አልጠፋም። በ2011 ዓ.ም. አቀናባሪው ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ንጉሤ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ይዘው ብቅ አሉ። ሙዚቀኞች ራሳቸው ገበያውን ለመገንባት መነሣታቸው ትልቅ ነገር ነበር። ኤልያስን በተከታዩ ዓመት መባቻ ላይ ባናጣው ኖሮ ብዙ ይሠራበት እንደነበር አምናለሁ። ቀጥሎ ሰዋሰው የተባለው መተግበሪያ መጣ። እነዚህ ሥራዎች ሊደገፉ ይገባቸዋል፤ ሸክሙን ሁሉ ግን አይችሉትም። የውጭ ማድመጫዎች ክፍያ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ካርድ ነው፤ አብዛኛው ወጣት ካርዱ የለውም። ለአገር ውስጡ መተግበሪያ ቢከፍልም ለዳታው ጨምሮ ይከፍላል። ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የሚጨነቅን ወጣት በሥነ ምግባር ስብከት ብቻ የሙዚቃ ደንበኛ ማድረግ አይቻልም።

የፓሪሱ ካፌ

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መልሱ ከኢንተርኔት በብዙ ዓመታት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1847 ኤርነስት ቡርዤ የተባለ ፈረንሳዊ የዘፈን ደራሲ ፓሪስ ሻንዜሊዜ ጎዳና አጠገብ በሚገኝ ሌዛምባሳደር በሚባል ካፌ ተቀምጦ ነበር። ኦርኬስትራው የእርሱን ሥራ ይጫወታል። ሒሳብ ሲመጣለት አልከፍልም አለ፤ እናንተ ሙዚቃዬን ሳትከፍሉ እየተጠቀማችሁ እኔ መጠጣችሁን ለምን እከፍላለሁ ሲል ተከራከረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ከደራሲው ጎን ቆመ። ከዚህ ሙግት የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሴም የተባለው የደራሲዎችና የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬም ከሆቴሉ፣ ከካፌውና ከጣቢያው እየሰበሰበ ለባለመብቶች ያከፋፍላል።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ክርክር ነበር። የኒውዮርክ ሻንሊ ምግብ ቤት ሙዚቃ በማሰማቱ ቪክቶር ኸርበርት በተባለው የዜማ ደራሲ ሲከሰስ እኛ የምንሸጠው ምግብ ነው፣ ለሙዚቃው አላስከፈልንም ብሎ ተከላከለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1917 ይህን መከላከያ ውድቅ አደረገ። ሰው ወደዚያ የሚመጣው ለምግቡ ብቻ አይደለም፣ ሙዚቃው ለሚከፈለው ዋጋ አንዱ ምክንያት ነው የሚል ፍርድ ነው።

ይህ ፍርድ ለአዲስ አበባ ላውንጆችና ጭፈራ ቤቶች፣ ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች፣ ለኤፍኤም ጣቢያዎች በቀጥታ የሚናገር ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ጭፈራ ቤት ሙዚቃውን ቢያጠፋ ደንበኛው ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። አንድ ጣቢያ ለአንድ ሳምንት ዘፈን ባያሰማ የማስታወቂያ ደንበኞቹ ይሸሻሉ። እነዚህ ሁሉ ለመብራት፣ ለቤት ኪራይ፣ ለአስተናጋጅ ይከፍላሉ። ደንበኛውን ለሚያመጣላቸው ሙዚቃ የማይከፍሉበት ምክንያት የለም።

ሕጉም ከእኛ ዘንድ አለ። አስቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲ መብት ተደንግጎ ነበር። ሙዚቀኞች አዲስ ካሴት እስከ አለማውጣት ደርሰው ከታገሉ በኋላ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ዐዋጁ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አንድ ሰው ለግል አገልግሎቱ አንድ ቅጂ እንዲያባዛም ይፈቅዳል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ዐዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ ሥራን ለንግድ የሚጠቀም ሮያሊቲ እንዲከፍል፣ ክፍያውንም የባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበራት እንዲሰበስቡ መንገድ ጠርጓል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። ከወረቀቱ ወደ ሆቴሉ ደጃፍ ገና በሚገባ አልወረደም።

አንድ ሌላ ችግርም በ1996ቱ ዐዋጅ ውስጥ አለ። ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው የተቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ለጓደኛው ዘፈን የላከን ተማሪ በዚህ አንቀጽ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ቅጣቱ ይህን ያህል ከባድ ሲሆንና የጥፋቱ መጠን ሳይለይ ሲቀመጥ፣ መቀጣት የሚገባው ትልቁ ነጋዴም ሳይነካ ያልፋል። በገንዘብ ያገኘውን በገንዘብ እንዲመልስ የሚያደርግ ፈጣን፣ ቀላልና በእርግጥ የሚፈጸም ቅጣት ከማይፈጸም የ10 ዓመት እስራት የተሻለ ለሙዚቀኛው ይደርስለታል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ከሙዚቀኞች ነው፤ አድማጩን ነጻ ካደረግህ አልበም ማን ይገዛል ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። አንድ አልበም ለመሥራት ከኪሱ ወጪ ያወጣ ሰው ሥራው በአንድ ሌሊት ሲበተን የሚሰማው ሕመም እውነተኛ ነው። አድማጩ ከኃላፊነት ሁሉ ነጻ ነው ማለቴም አይደለም። አቅሙ ያለው፣ በተለይም ዲያስፖራው፣ የሚወደውን ሙዚቀኛ አልበም ገዝቶ መስማት የወገን ግዴታው ነው። ነገር ግን በካሴት ዘመንም ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው መገልበጥ ነበር፤ ያን ጊዜም አሳታሚውን የሚያከስረው ቤት ውስጥ የተገለበጠው አንድ ካሴት ሳይሆን በጓሮ በሺዎች እየተባዛ በሱቅ የሚሸጠው ነበር። ያን ጊዜ ከቤት ገልባጩና ከአባዢው ማንን ማሳደድ እንደሚገባ ግልጽ ነበር፤ ዛሬም ግልጽ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነጋዴዎች ነው። ንግዱ ራሱ በግብርና በኪራይ ጫና ላይ ነው፣ ሌላ ክፍያ አትጨምሩብን ይላሉ። ይህም መልስ አለው። ክፍያው እንደ ቤቱ ስፋትና እንደ ገቢው ሊለያይ ይችላል፤ የመንደር ሻይ ቤት ከባለ አምስት ኮከብ ሆቴል እኩል አይጠየቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት የሚሰበሰበው ትንሽ ቢሆን እንኳ ከመላ አገሪቱ ሲጠራቀም ለግጥም ደራሲው ቋሚ ገቢ ይሆነዋል።

ምን ይደረግ?

በቅድሚያ ስም ይመዝገብ። እያንዳንዱ ዘፈን ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ ድርሻቸውም ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አገራዊ መዝገብ ያስፈልገናል። የሙዚቃው ዘርፍ ማኅበራትና የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተባብረው ሊሠሩት የሚገባ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። የቀድሞዎቹ ደራሲዎችና አቀናባሪዎች በሕይወት እያሉ ካልተጠየቁ ነገ የሚመሰክር አይገኝም።

ቀጥሎ ክፍያው ከሚነግዱበት ይጀመር፤ ከጣቢያዎች፣ ከትልልቅ ሆቴሎች፣ ከጭፈራ ቤቶች፣ በዘፈን የጥሪ ማሳመሪያ ከሚሸጡ የቴሌኮም ኩባንያዎች፣ የሰውን ሥራ ሰብስበው ማስታወቂያ ከሚሸጡ ቻናሎች። የሚሰበስበው ማኅበር ደግሞ ከማን ስንት እንደሰበሰበ፣ ለማን ስንት እንደከፈለ በየዓመቱ በይፋ ይንገረን። አባላቱ ያላመኑትን ሰብሳቢ ከፋዩ አያምነውም።

ሦስተኛው ለአድማጩ የሽልማቱን መንገድ መመለስ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በስልኩ ገንዘብ ይልካል። ዘፈን በተሰማበት ቦታ ሁሉ፣ በዩቲዩቡም፣ በቴሌግራሙም፣ በመተግበሪያውም፣ የባለሥራዎቹ ስምና የሚሸለሙበት አጭር ቁጥር ቢኖር፣ የተላከው ብርም በተመዘገበው ድርሻ ለገጣሚውም፣ ለዜመኛውም፣ ለአቀናባሪውም ቢከፋፈል፣ የእኛ ሰው ይሸልማል። 5 ብርም 50 ብርም ይሆናል። ወዶ የሚሰጥ ሕዝብ እንደሆነ አዝማሪ ቤቱ ምስክር ነው።

ለአድማጩ የሚቀርለት አደራ ሁለት ነው። ዘፈን ስታካፍሉ የባለሥራዎቹን ስም አብራችሁ ላኩ፤ የራሱን አድራሻ በሰው ስም ላይ የጻፈን ቻናል ደግሞ አትከተሉ። ለሕግ አስፈጻሚው የሚቀርለት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ዘፈን የሚወደውን ወጣት ማስፈራራቱን ትቶ በዘፈን የሚያተርፈውን ሒሳብ ይጠይቅ። የግጥም ደራሲው ልጁን ከግጥሙ ባገኘው ገንዘብ ትምህርት ቤት የሚያስገባበት ቀን የሚመጣው እንዲህ ሲደረግ ነው።